ከመናገሩ በፊት ይቆጠር

ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ደህና መሆንሽን ከእጅ ጽሑፍሽ አይቻለሁ፤ ደህና ያልሆነው ኮድሽ ነው።

አይደለም፣ ኮምፒውተሩ አርጅቶ አይደለም። አትመሽ የላክሽውን በሙሉ አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ተመልሶልሻል። ለምን በወረቀት ካልሆነ አላይም እንደምል ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ። ስክሪን ሰውን ያባብላል፤ ወረቀት አያባብልም። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ያስተማርኩት እንዲህ ነው፤ አሁን አልቀየርም።

ስለ ስልኩም ስሞታሽን ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ እንዴ የከለከልኩት? «አንተ በስልክ ትጮሃለህ፤ እኔ ደግሞ የቀረችኝን ድምፅ ላንተ ጩኸት መልስ ስሰጥ አልጨርሳትም፤ ከፈለግህ ጻፍ» ብላ የዘጋችብኝ እናትሽ ናት። ሐኪሞቹ የካቲት ላይ ማንቁርቷን እንደሚያወጡት፣ ከዚያ ወዲያ እህቴ እንደማትናገር የሰማሁትም በዚያው ጥሪ ነበር። ወረቀት ላይ መጮህ አይቻልም ብላ አስባ ይሆናል። ቀይ እስክሪብቶዬን ረስታዋለች።

ወደ ሥራችን። ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ይህን አንዴ እላለሁ፣ አልደግመውም። ድምፅዋ ሳይሄድ ቃላቱን አንድ በአንድ ትቀጂያለሽ፤ በኋላ እሷ የምትፈልገውን ትተይባለች፤ ኮምፒውተሩ በራሷ ድምፅ ይናገርላታል። እዚህ ድረስ ሰው ነሽ። ቀጥሎ ግን ምን አደረግሽ? «ውሃ አምጪልኝ፣ መስኮቱንም ዝጊው» ብላ ብትተይብ፣ ፋንክሽንሽ፣ ያ የጻፍሽለት የትእዛዝ ክፍል፣ የእያንዳንዱን ቃል ቅጂ ይፈልጋል፣ ጫጫታውን ያጠራል፣ ከፍታውን ያስተካክላል፣ ሁሉንም ሊስት ውስጥ ይደረድራል። የመጨረሻው ቃል እስኪደረደር የመጀመሪያው አይሰማም። እስከዚያ አንቺ ከክፍሉ ወጥተሻል፣ ሴትዮዋም በጥም ደርቃለች። አጭር ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይታለፍ ነበር፤ እናትሽ ግን አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግራ አታውቅም።

እናትሽን ስትሠራበት በኖረችው ሆስፒታል ስልክ ቤት ውስጥ አስቢያት። ለአንዱ ደዋይ «የአጥንት ሐኪሙ ዛሬ የሚገኙት» ስትል ሌላ መስመር ይበራል። «ይጠብቁ» ትላለች። ሌላውን ታገናኛለች። ተመልሳ «ከሰዓት በኋላ ነው» ትላለች። ከመጀመሪያው አትጀምርም፤ የት እንዳቆመች ታውቃለች። ጄኔሬተር ማለት ይኸው ነው። ተራው ፋንክሽን ሪተርን ብሎ ያለውን በሙሉ ያስረክባል፤ በዚያው ያበቃለታል። ጄኔሬተር ዪልድ ብሎ አንዱን ብቻ ይሰጥና ባለበት ይቆማል። ቀጣዩን ሲጠይቁት ካቆመበት ይነሣል፤ ካልጠየቁት ጣቱን አያነሣም። የመጀመሪያው ቃል እየተሰማ ሁለተኛው ይዘጋጃል።

ሊስቱን ሰርዢ፣ ዪልድ አድርጊ። እናትሽን ሰላም በያት። አልጮህኩም በያት። ትተኛለች? ትበላለች?

አጎትሽ


ጥር 24

ጋሼ፣

እንዴት ከረሙ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ስላዘገየሁት ይቅርታዎን። ማታ ማታ ቀረጻው ላይ ነን፣ ቀን ሥራ አለብኝ።

ያሉኝን አድርጌዋለሁ። እናቴ ተይባ ጣቷን ሳታነሣ የመጀመሪያው ቃል ወጣ። ደንግጣ ወደ ኋላ አለችና «ማናት ይቺ ለፍላፊ?» አለች። አንቺው ነሽ ስላት «እንዲህ ነበር እንዴ የማሰለቸው? ሰው ሁሉ እንዴት ቻለኝ?» ብላ ሳቀች።

ጄኔሬተር ሲባልም ሰምታ «ናፍጣውን ማን ሊገዛ ነው?» ብላኛለች። ለእርስዎ እንድጽፍልዎት አዝዛኝ ነው።

ቀረጻው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል ጋራዥ አለ፤ ካፖርቶቹ መሃል ወንበር አስገባንላትና በሩን ዘጋን፣ ከውስጥ ትናገራለች። እኔ ከውጭ ቃል እሰጣታለሁ፣ እሷ ትቀዳለች። የሰጠኋትን ብቻ ብትል ጥሩ ነበር። «እሺ»ን በሦስት ዓይነት ቀድታለች፦ አምና የምትለውን፣ ሰልችቷት የምትለውን፣ ጭቅጭቅ የምትዘጋበትን። ሦስቱም የግድ ናቸው አለች። ከዚያ ስድብ ጀመረች። እማዬ ይኼ ምን ያደርግልሻል ስላት «ለወንድሜ የሚሆን ቃል ከሌለው ይኼ ማሽን ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። «ነጎድጓድ»ን ስትቀዳ ከቁም ሳጥኑ ውጭ ሆኜ ፈገግታዋ ይሰማኝ ነበር። ከልጅነት ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራዎት አይደል?

በባለፈው ደብዳቤ መጨረሻ ስለጠየቁኝ ነገር፦ ትተኛለች። እኔ እያየኋት ትበላለች። ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል።

መምጣቱን ግን ለጊዜው ይተዉት ብላለች። ምክንያቱን አትንገሪው ስላለችኝ አልነግርዎትም፤ አይቆጡ።

አዲሱን ኮድ አትሜ ልኬያለሁ። ጥያቄዬ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ነው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ፣

አይቆጡ ብሎ ነገር የለም። ሰው እህቱ ልትታረድ ነው፣ አትምጣ ይባላል፣ ምክንያቱ አይነገረውም፣ ከዚያ አይቆጣም? ተቆጥቻለሁ። ብመጣ ምን አደርጋለሁ ብላችሁ ነው?

ለጥያቄሽ፦ አይ፣ ሁሉም ነገር ጄኔሬተር አይሆንም። ጄኔሬተር የፋሽን ልብስ አይደለም፣ ስለተማርሽው ብቻ የሚለበስ። አንዱን እየጠበቅሽ ሌላውን መጠቀም ስትችዪ ተጠቀሚበት። ያለሽ ነገር ሚሞሪ የማይችለው ሲሆን ተጠቀሚበት። መጨረሻው የት እንደሆነ በማይታወቅ ነገር ላይም እንዲሁ። መሃል ላይ ልትተዪው ለምትችዪውም ይሆናል፦ እናትሽ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሐሳቧን ብትለውጥ፣ የቀሩት ቃላት ሳይዘጋጁ ይቀራሉ፣ ድካሙ ቀረ። ወደ ኋላ እየተመለስሽ የምታዪውን፣ የምታበላልጪውን፣ መካከሉን መዝዘሽ የምታወጪውን ነገር ግን ሊስት አድርጊ። ጄኔሬተር የሰጠውን አይደግምም። ይህን ዕወቂ።

ኮድሽ ከበፊቱ ይሻላል። ሆኖም አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቅጂው ያልተገኘ ቃል ሲኖር ፕሮግራምሽ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ይዘለዋል! እናትሽ ለአንዲት ነርስ «ይህ የእኔ መድኃኒት አይደለም» ብላ ብትተይብና «አይደለም» ቢጎድል ምን እንደሚሆን አስበሻል? አላሰብሽም። እኔ አስቤዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስቤዋለሁ። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ ጨምሬልሻለሁ፣ ከሥሩም ሁለቴ አስምሬበታለሁ፦ ከመናገሩ በፊት ይቆጠር። የተዘጋጁት ቃላት በሙሉ ይቆጠራሉ፤ ከተተየቡት ጋር እኩል ከሆኑ ስክሪኑ ላይ «ሁሉም ቃል ተገኝቷል» ይላል፤ ከዚያ ይናገራል። ሳይቆጠር የሚወጣ ነገር የለም።

እንዳለ አስገቢው። አንድ ፊደል እንዳትነኪ።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት እዚህ ፈተና ላይ ነኝ። ስልኬ ግን ክፍት ነው። ለአንቺ ማለቴ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 17

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? በስልክ የሰማሁብዎት ጉንፋን ተሻለዎት? በዚያን ዕለት በስልክ አጭር ቃል ብቻ ነግሬዎት ስለዘጋሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ነበረ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። ሐኪሞቹ ሁሉንም አውጥተነዋል ይላሉ። ቁስሉ ንጹሕ ነው። አልጋዋ መስኮቱ ጋ ነው፣ ግቢው ይታያታል። የቀድሞ የሥራ ጓደኞቿ ከስልክ ቤት እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ አንዷ የእናቴን የድሮ ጆሮ ማዳመጫ አምጥታ ራስጌዋ ላይ ሰቅላላታለች።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሆስፒታል ልንገባ ስንል ነበር። ቀዩን መስመር እንዳለ፣ ፊደል ሳልነካ አስገብቼዋለሁ። ለመሞከር ጊዜ አልነበረኝም፤ እርስዎ የጻፉትን ደግሞ ማን ይሞክረዋል?

ስለ ማሽኑ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

በተለየ ወረቀት አንድ ሌላ ኮድ አትሜ ልኬልዎታለሁ። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን የሚመለከት ነው። የሚፈለገውን አይሠራም፣ ስህተት ግን አያሳይም። ጥያቄዬን ከሥሩ ጽፌዋለሁ። ማን እንደጻፈው አይጠይቁኝ፤ የምናውቀው ሰው ነው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 29

ለእህቴ ልጅ፣

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ማለቁ ያስደስታል። ያንን ወረቀት የከፈትኩት ምሳ ልበላ ስል ነበር። አልበላሁም።

ይህን የጻፈው ማን ነው? ተምሯል ነው የምትዪኝ? የምናውቀው ሰው ነው ብለሻል፤ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ከተማሪዎቼ አንዱ ቢሆን ከክፍል አስወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አቆመው ነበር። ተማሪ እንኳ በመጀመሪያው ወር ይሳሳተዋል፣ በሁለተኛው ያፍርበታል። ይህ ሰውዬ ግን እንዴት እንደሚተማመን አየሽ? ቆጥሮ፣ አረጋግጦ፣ «ሁሉም ተሳፋሪ አለ» ብሎ አሳትሞ! የደነቆረ ሰው ድፍረቱ!

ስሚኝ። ተሳፋሪዎቹ ሊስት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ መቶ ጊዜ ቢቆጥራቸው አይጎዳም፤ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሱ ግን ያመጣቸው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተርን ለመቁጠር አንድ በአንድ ማስወጣት ግድ ነው፣ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ምን ሆነ? ይህ ጅል በር ላይ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ተሳፋሪውን በሙሉ አስወረደው። ቁጥሩ ልክ መጣ። ደስ አለው። ከዚያ «ንዳ!» አለ። አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ።

የሚያናድደኝ የሚቀጥለው ነው። ባዶ ጄኔሬተር ላይ ሉፕ ብታስኬጂ፣ አንድ በአንድ አምጣ ብትዪው ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ አይጮህም። የሚሰጠው የለም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። የሚጮህ ስህተት ወዳጅ ነው፤ ዝም የሚል ስህተት ነው ሰው የሚገድለው።

መፍትሔው ሕፃን ያውቀዋል። መንገደኛው እየተሳፈረ ይቆጠር። ወይም መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ትኬት መቁረጡ ይታይ። ሁለት ጊዜ የሚፈልጋቸው ከሆነም አርፎ ሊስት ውስጥ ያስቀምጣቸው። ሁለቴ የምትፈልጊውን ያዢው፤ አንዴ የሚያልፈውን አሳልፊው። ይህችን ለሰውዬው ንገሪልኝ፤ ኮድ መጻፉን ትቶ ሌላ ሥራ ቢፈልግ እንደሚሻለውም ጨምሪበት።

አሁን ወደ አንቺ። እናትሽ ማሽኑን እንዴት አገኘችው? መጀመሪያ ምን አለች? አንድ ቃል አልጻፍሽም። ስለ መስኮት ጻፍሽ፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ጻፍሽ። ጅል አይደለሁም።

አጎትሽ


መጋቢት 12

ጋሼ፣

ሰውየውን ያውቁታል።

የካቲት 3 በቀይ ጨምረው የላኩልኝን ገጽ አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ቀዩን ቀለም ሲያዩ እባክዎ ተቀምጠው ይሁን። እኔ ያደረግኩት «ቃላት» የሚለውን «ተሳፋሪዎች» ማድረግ ብቻ ነው።

ይቅርታ የምጠይቀው ግን ስለዚያ አይደለም። የደበቅኩዎትን ልንገርዎ።

እናቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቀና ብላ መቀመጥ በቻለችበት ቀን ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። የስልክ ቤት ጓደኞቿ ነበሩ፣ ሁለት ነርሶችም ለማየት ቆመው ነበር። «ልጄ አይዞሽ» ብላ ተየበች። ስክሪኑ «ሁሉም ቃል ተገኝቷል» አለ። ከዚያ ምንም። ደግማ ተየበች። ሁሉም ቃል ተገኝቷል፣ ምንም። አንዷ ጓደኛዋ «ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁት ይሆናል» አለች፤ ከፍ አደረግነው። ምንም። ሁሉም ሰው ወለሉን ያይ ነበር። እናቴ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችና ወረቀት ላይ «እዚያም የለሁም» ብላ ጻፈች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስህተቱን በዚያው ምሽት አግኝቼ አስተካክዬዋለሁ። ኮምፒውተሩን ግን እንደገና ልትነካው አልፈለገችም። ባወራት፣ ብለምናት፣ ሐኪሙ ቢቆጣት አልሆነም። በወረቀትም መጻፍ ተወች። አንገቷን በመነቅነቅ ብቻ ስትኖር ሰነበተች። እማዬ! አንገቷን በመነቅነቅ!

ስለዚህ ያንን ኮድ የላክሁልዎት መልሱን አጥቼው አይደለም። እንደሚቆጡ አውቄ ነው። የጠፋት የራሷ ድምፅ ብቻ አይደለም፣ የእርስዎም ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞም እንደዚያ አድርጎ የሚቆጣ ሌላ ሰው የለንም።

ደብዳቤዎን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፊቷን አላዞረችም። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ በቀይ የጻፉበትን ወረቀት ብርድ ልብሷ ላይ ዘረጋሁላት። አየችው። የእጅ ጽሑፍዎን አወቀችው። «የደነቆረ ሰው ድፍረቱ» ስል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አውቶቡሱ ባዶውን ሲሄድ እንባዋ ይፈስ ነበር። ድምፅ የለውም ጋሼ፣ ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ነርሷ ትንፋሽ አጠራት ብላ እየሮጠች መጣች። እናቴ በእጇ «ተዪኝ» አለቻትና ኮምፒውተሩን አመለከተችኝ።

የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ነጎድጓድ» ነው። ቀጥላ «ደግመሽ አንብቢው» አለች። ደግሜ አነበብኩት። ለስልክ ቤት ጓደኞቿም አነበብኩት።

አሁን አላስቀምጥ ብላኛለች። «ነጎድጓድ»ን እየደጋገመች ስትጫነው በየጊዜው ፋይሉን ፍለጋ ስለሚሄድ «ቀርፋፋ!» እያለች ማሽኑን ትሰድበዋለች። ስለዚህ የእርስዎን ስም፣ ሦስቱን «እሺ»ዎችና «ጠብቅ»ን ሊስት አድርጌ ሚሞሪ ላይ ይዣቸዋለሁ። የቀረው ሁሉ በጄኔሬተር ይመጣል። ልክ ነኝ?

አትምጣ ያለችዎት ሐኪሞቹን ይቆጣቸዋል ብላ ፈርታ ነበር። «ቢላዋ የያዘ ሰው አይሰደብም» ነው ያለችኝ። አሁን ቁስሏ ስለደረቀ ይምጣ ብላለች። ከዚያ በፊት ግን ይደውል፣ እገዳው ተነሥቷል ብላለች። አንድ ነገር ብቻ፦ ማሽኑ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አለው። ዝም ሲል አለቀ ማለት አይደለም፤ ቀጣዩ እየመጣ ነው። እባክዎ ጋሼ፣ መሃል አይግቡባት።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 25

ለእህቴ ልጅ፣

ወረቀቱን አየሁት። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ብዙ ቀን ያልጻፍኩልሽ በማን እንደምቆጣ ግራ ገብቶኝ ነው፤ ሰውዬውን እንደሆነ ከባለፈው በላይ የምሰድብበት ቃል አላገኘሁም። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተለጥፏል። ተማሪዎቼ ስህተቱን እንዲያገኙ አዝዣለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። አንዷ ወዲያው አገኘችውና «ኧረ ይኼ ሰው ምን ነክቶት ነው?» አለች። ማርክ ሰጠኋት።

ሊስቱ ልክ ነው። የምትመላለሺበትን መያዝሽ፣ የሚያልፈውን ማሳለፍሽ፣ ልክ ነው። ይህን በሰማያዊ እስክሪብቶ እንደጻፍኩት አስተውዪ።

ትናንት ደወልኩ። ስልኩን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጠሽ ስትወጪ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ደግ አደረግሽ።

መጀመሪያ «ነጎድጓድ» አለችኝ። እሷው ናት፣ ከነፈገግታዋ። አፌን ከፈትኩ። «ጠብቅ» አለችኝ። ያ ሆስፒታል የደወለ ሰው ሁሉ ሲታዘዘው የኖረውን ትእዛዝ እኔም ታዘዝኩ። ቁልፎቹን ስትመታ ይሰማኛል፤ በአንድ ጣት ነው የምትተይበው። እርማት ልሰጣት አሰብኩና ተውኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገብቶ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝም ማለቴን አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። በእጄ አስወጣሁት።

ቃሉ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። ቀጣዩ መጣ። ዝምታው ረዥም ነው፣ አልደብቅሽም፤ በዚህ መሃል ስንት ነገር ልናገር አማረኝ መሰለሽ። አልገባሁባትም።

ትኬት ቆርጫለሁ። ሐኪሞቹን አልቆጣም፤ ይህን ንገሪያት።

ምን አለችህ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። አልጽፍልሽም። ቃሉ አንድ በአንድ መጣ፣ እኔም አልቆጠርኩትም። አንዴ ነው የተነገረው፤ ሰምቼዋለሁ።

አጎትሽ